የንቧ ሁለተኛ ዓይን

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

ሰው ወደ ደሴ የሚሄደው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ነው። እኔ የምሄደው የአንዲት ንብ ዓይን ላስጠፋ ነው። ይህን ለአውቶቡሱ ረዳት ብነግረው ከሻንጣዬ ጋር እኔንም ጣሪያ ላይ ይጭነኝ ነበር፤ ስለዚህ "ለሥራ ነው" አልኩት። እሱም ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ በብብቴ ያቀፍኩትን ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ጠርጠር አድርጎ፣ "መስኮት ጋ ተቀመጪ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንት ሰዓሊዎች ነፍሳትን እንዴት ይስሉ እንደነበር የሚያሳይ የልጆች መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። ካሜራ ባልነበረበት ዘመን ፈረንጆቹ ጥንዚዛውንም ቢራቢሮውንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ የእግሩን ፀጉር ሳይቀር ቆጥረው ይስሉት ነበር። የሚገርመው ግን ቆጥረው አለማቆማቸው ነው። ለእያንዳንዱ ፍጥረት ሥራ ይሰጡታል። በበሰለ ፍሬ ላይ ያረፈች ዝንብ "ሁሉም ይበሰብሳል፣ አንተም ትሞታለህ" ማለት ነች። ቢራቢሮ ነፍስ ነች። ራሱን በድር ጠቅልሎ የተኛው አባጨጓሬ ክንፍ አውጥቶ ሲነሳ ትንሣኤ ነው። ቀንዳሙ ጥንዚዛ አንዴ ሰይጣን፣ አንዴ የሰይጣን ጠላት ይሆናል፤ እንደ ሰዓሊው ፀባይ።

እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ በግራ ገጽ የፈረንጁን፣ በቀኝ ገጽ ያንኑ ፍጥረት በእኛ የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ላስገባ አሰብኩ። ከደሴ አለፍ ብሎ፣ ኩታበር የሚኖሩትን ሰዓሊ መሪጌታ ላቀውን አገኘሁ። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ በስልክ ሲያወሩ ቅኔ የሚዘርፉ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ፎቶ ኮፒ ላክሁላቸው፤ አሥራ ሁለት ሥዕል አቡጀዲ ላይ ሥለው ላኩልኝ። አሥራ አንዱ አለፈ። ንቧ ተያዘች።

የያዛት የመጽሐፉ አርታኢ ነው። ድሮ የሥነ ሕይወት መምህር የነበረ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ከጎደለች እንቅልፍ የሚያጣ ሰው። ንቧ አበባ ላይ ተቀምጣ በጎኗ ነው የምትታየው። በጎን የሚታይ ፍጥረት ደግሞ አንድ ዓይን ብቻ ያሳያል። መሪጌታ ግን ሁለቱንም ዓይን በአንዱ ጉንጯ ላይ ጎን ለጎን ደርድረውላታል፤ ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ተመልካቹን አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ አውቃለሁ። አንባቢም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳውን ቀና ብሎ አይቶ ከሆነ ያውቃል። በእኛ አሳሳል ደግ ሰው ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። ጻድቁ በሁለት፣ ይሁዳ በአንድ። መሪጌታም ንቧን ከጻድቃን ወገን ቆጥረዋታል ማለት ነው።

አርታኢው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ "ደስ ይላል፤ ግን ስሕተት ነው" አለኝ። "ወይ ራሳቸው አንዱን ዓይን ያጥፉት፣ ወይ እኛ በኮምፒውተር እናጠፋዋለን። መጽሐፉ ዓርብ ማታ ማተሚያ ቤት ይገባል።"

ሽማግሌው የሳሉትን፣ እሳቸው ሳያውቁ፣ በኮምፒውተር መፋቅ ሆዴ እምቢ አለው። ስለዚህ ንቧን ቱቦ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ።

ረቡዕ፣ 7 ሰዓት ከሩብ፤ ሐርቡ

ጣርማ በር ላይ የደረብኩትን ሸዋ ሮቢት ላይ አወለቅሁ። ከሚሴን ስናልፍ የሚወልቅ ነገር አልቀረኝም፤ በፎቶ ኮፒዎቹ እያራገብኩ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የሐርቡ ገበሬ፣ አቶ ሰይድ፣ አንዱን ወረቀት ከእጄ ወሰድ አድርገው አዩት። የፍሬ ሳህን ነው፤ ወይን፣ ኮክ፣ በኮኩ ላይ ዝንብ።

"ይኼ ሰውዬ ይህን ሁሉ ቀን ተቀምጦ ሲስል፣ ዝንቧን እሽ የሚልለት ዘመድ የለውም?"

ዝንቧ ሆን ተብላ የተሳለች መሆኗን፣ ሞትን እንድታስታውስ መሆኑን አስረዳኋቸው። አቶ ሰይድ በጽሞና ሰሙኝ።

"እኛ አገር ቲማቲም ላይ ስታርፍ የምታስታውሰን ገበያውን ነው" አሉ። "ዛሬውኑ ሽጠው ማለቷ ነው።"

ሐርቡ ሲወርዱ ምሳ ሳልበላ ማለፌ እንደሚያቀያይመን በወላሂ አረጋገጡልኝ። ረዳቱ ግን ጥሩንባ እያስነፋ ስለነበር መቀያየሙ ቀረና፣ በመስኮት አራት ቲማቲም አቀበሉኝ። ዝንብ አላረፈባቸውም።

ረቡዕ፣ 9 ሰዓት፤ ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ሙቀቱን እንግዳ ላይ አይቆጥብም። ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡት ከባድ መኪኖች አቧራውን ያነሱታል፣ ባጃጆቹ ይበትኑታል፣ ምሳ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጠው ሰው ይበላዋል። አውቶቡሳችን እዚህ ያበቃልና፣ የጾም ሽሮዬን ከአቧራው ጋር በልቼ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ያዝኩ።

ሾፌሩ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወጣው በአንድ እጁ ነው። ሌላኛው እጁ ለወሬ ነው የተፈጠረው። በመስታወቱ ቱቦዬን አየ።

"እህቴ፣ ጠመንጃ አይደለም አይደል?"

"ንብ ናት።"

የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ዞሩ። "በሕይወት ያለች?"

"ሥዕል ናት። ዓይን በዝቶባት ላስቀንስላት ነው።"

ሚኒባሱ አንድ ሙሉ ኩርባ ዞረ። ከዚያ ሾፌሩ መሪውን እየጠመዘዘ፣ "እኔ በዚህ መንገድ አራት ዓይን ቢጨመርልኝ አልጠላም፤ አንቺ ካላት ላይ ልትቀንሺ ከአዲስ አበባ መጣሽ?" አለኝ። ከኋላ አንድ ሰው "ሥራ ሲጠፋ እንዲህ ነው" አለ። እኔም በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ እስከ ደሴ ዝም አልኩ። ስወርድ ግን ሾፌሩ፣ "ለማንኛውም ሁለቱንም እንዳታጠፉት" ብሎ መከረኝ።

ሐሙስ፣ 3 ሰዓት፤ ደሴ

ጦሳ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። ትናንት ያወለቅሁትን ሁሉ መልሼ ለብሼ ወደ ሐጂ ይማም ሱቅ ወጣሁ። ለመሪጌታ ላቀው አቡጀዲውን፣ የቀለም ዱቄቱን፣ ማጣበቂያውን የሚሸጡላቸው እሳቸው ናቸው። ወደ ኩታበር የሚወስደኝን መንገድ ሊነግሩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር።

የሐጂ አያት ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ሱቁ የአያት ነው፣ መደርደሪያው የአባት፣ ቀልዱ የሐጂ። በርጩማ አስቀረቡልኝ፣ ሻይ አስመጡ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ፤ እናቴን አያውቋትም። ከዚያ ትልቅ የማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶ ኮፒዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ።

"ማሻአላህ። የእግሩን ፀጉር!" አሉ ጥንዚዛው ላይ። "ይህን የሳለ ሰው ሚስት አልነበረችውም።"

ስለ መጽሐፉ ነገርኳቸው። በቁርኣን ንብም ጉንዳንም ሸረሪትም በስማቸው ምዕራፍ እንዳላቸው፣ ስለዚህ ሦስቱም መጽሐፌ ውስጥ መግባት እንዳለባቸው ነገሩኝ።

"ንብና ጉንዳን ገብተዋል። ሸረሪት ግን ነፍሳት ውስጥ አትቆጠርም፣ ሐጂ። ስምንት እግር ነው ያላት።"

መነጽሩን ዝቅ አድርገው በአዘኔታ አዩኝ። "ልጄ፣ ነቢያችን ከጠላት ተሸሽገው ዋሻ ውስጥ ሳሉ ደጃፉ ላይ ድሯን ያደራች እሷ ናት። ያን ቀን እግሯን የቆጠረ አልነበረም።"

ቱቦውን ከፍቼ ንቧን ዘረጋሁላቸውና የመጣሁበትን ጉዳይ ተናገርኩ። ሲስቁ የነበሩት ሐጂ ይማም መሳቅ አቆሙ። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ላቀው ቀለም ሲገዛ ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ፣ ደጅ ወጥቶ በፀሐይ ያየው ነበር" አሉኝ። "ባለፈው ሲመጣ አረንጓዴውን ሰማያዊ ነው ብሎ ወሰደ። ሰው ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም፣ ዝም አልኩ። በማግስቱ ልጁ ይዛው መጥታ ቀየረችው። ግራ ዓይኑ ጨልማለች፣ ልጄ። ያንቺን አሥራ ሁለት ሥዕል የሳለው በአንዷ ነው። ከዚህ በኋላ እስላለሁ ብሎም አያስብም።"

ሻዬን አስቀመጥኩ።

"አንድ ዓይን ለቀረው ሰው፣ የሳልከው ዓይን በዛ ልትዪው ነው የመጣሽው?"

"አላወቅሁም ነበር።"

"ላይነግርሽ ይችላል። ካልነገረሽ አታንሺበት።" ንቧን በጥንቃቄ ጠቅልለው መለሱልኝ። "አብሽሪ፣ ሂጂ። ግን ቀስ ብለሽ።" ስነሳ ማጉያ መነጽራቸውን በመሀረብ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩ። "ይህን አውሺው። ነገ ከጁምዓ በፊት መልሽልኝ፤ ያለ እሱ ጋዜጣ አላነብም፣ ካላነበብኩ ደግሞ የምከራከርበት አጣለሁ።"

ሐሙስ፣ 7 ሰዓት፤ ኩታበር

የመሪጌታ ልጅ ይርገዱ መንገድ ዳር ጠብቃ ተቀበለችኝ። ቁመቷ ረጅም፣ አነጋገሯ አጭር ነው። "አባዬ ከማለዳ ጀምሮ ሲለብስና ሲያወልቅ ነው፤ አዲስ አበቤ ይመጣል ብሎ" አለችኝ።

መሪጌታ ላቀው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከበላያቸው፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሦስት ቀፎ ተሰቅሏል። ግራ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ጋርዶታል። ስቀርብ ፊታቸውን ወደ ግራ መለስ አደረጉ፤ ለሰላምታ ይሁን ለመደበቅ አልገባኝም። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው።

"እንዴት ዋልሽ ልጄ። ንቧን ይዘሽ መጣሽ አሉኝ። መንገድ ላይ አልነደፈችሽም?"

ዳቦ በማር ቀረበ። ማሩ ከነሰፈፉ ነው፤ ሰሙን አኝኬ የት እንደምተፋው እያሰብኩ እሳቸው ወሬ ጀመሩ። ሥዕሎቹን ሲሠሩ ምን ተሰማዎት ብዬ ስጠይቃቸው ከአንበጣው ተነሱ።

"ያንን ያለ ጸጸት ነው የሳልኩት። ያ ክፉ ዓመት የመጣ ጊዜ ጤፌን በአንድ ከሰዓት ጨርሶ በላው። ቆርቆሮ ብንመታ፣ ብንጮህ፣ ብናጨስ! አንድ ዓይን የሰጠሁት ለሥራዬ ስል ነው እንጂ እሷም በዝታበታለች።"

"ዝንቧስ?"

"ዝንብማ አንድ ዓይን ሰጠኋት፣ ግን ዓይኗን ትንሽ አሳመርኩላት። ክረምቱን ታምሜ ስተኛ ከአጠገቤ ያልተለየችው እሷ ናት። ጎረቤቶቼ እንኳ ይሄዱ ነበር።"

የፈረንጆቹ ዝንብ ሞትን ለማስታወስ እንደምትሳል ነገርኳቸው።

"ለሞት ዝንብ ምን አስፈለጋቸው? እኛ ጋ የዕድር ጥሩንባ አለ።" ይርገዱ ከውስጥ ሳቀች።

ከዚህ በላይ ማቆየት አልቻልኩም። ንቧን አወጣሁ። ቀስ ብዬ ልናገር ብዬ አስቤ ነበር፤ ሰም አፌ ውስጥ ይዤ ቀስ ማለትም አልሆነልኝም። አርታኢው ያለውን ነገርኳቸው። ኮምፒውተሩንም ነገርኳቸው።

መሪጌታ አልተቆጡም። ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው የንቧን ዓይኖች ፈልገው አገኟቸው።

"ልጄ፣ ቤተ መቅደስ የሚበራው ጧፍ ከምን ይሠራል?"

"ከሰም።"

"ሰሙን ማን ሠራው?"

"ንብ።"

"እንግዲህ ብርሃኑን የሰጠችንን በአንድ ዓይን ልሳላት? ከአንበጣው ጋር ላሰልፋት? መምህሬ ከመቃብር ተነስተው በመቋሚያ ይመቱኛል።"

"ከጎን ስትታይ ግን…"

"ከጎን የሚያይ ሐሜተኛ ነው። እኔ ሙሉዋን ነው የማውቃት።"

መቼም ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ አርታኢው በንዴቱ መካከል የነገረኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "እውነቱን ለመናገር፣ መሪጌታ፣ ሁለትም አይደለም። ንብ አምስት ዓይን ነው ያላት። ሁለቱ ትልልቆቹ ናቸው። ሦስት ትንንሽ ደግሞ አናቷ ላይ አሏት።"

ይርገዱ ቃል ሳትናገር ከቀፎው ሥር የሞተች ንብ ለቅማ አባቷ መዳፍ ላይ አኖረች። የሐጂን መነጽር ከመሀረቡ ፈታሁ። ይህን መነጽር ሲያዩ "የይማም ነው!" አሉና እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ከዚያ በቀኝ ዓይናቸው ላይ አስጠግተው፣ መዳፋቸውን ወደ ፀሐይ አዘንብለው ፈለጉ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከንፈራቸው ሲቆጥር ይታየኛል። እንዳያገኟቸው ፈራሁ፤ ሦስቱ ዓይኖች ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ናቸው፣ የቀረቻቸው ዓይንም ደክማለች።

"አንድ" አሉ። "ሁለት። ሦስት። እንደ ዘውድ ፈርጥ አናቷ ላይ!" መነጽሩን አወረዱ። "እግዚአብሔር አምስት ዓይን የሰጣትን፣ እናንተ ናችሁ አንድ ይበቃታል የምትሉ?"

ለአርታኢው መልስ እንዲሆን ይህንኑ በስልክ ለመንገር ወጣሁ። ኔትወርክ ያለው አጥሩ ጥግ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን በአንድ እግር የቆመ ሰው ይመስል ዘንበል ማለት ያስፈልጋል። አርታኢው፣ "ቁጥሩ ልክ ነው፤ አሳሳሉ ግን ሁለቱን በአንድ ጉንጭ ነው" አለኝና መስመሩ ተቋረጠ።

ሐሙስ፣ 10 ሰዓት፤ እዚያው

ከዚህ ቀጥሎ የሠራሁትን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

መሪጌታ ንቧን ትክ ብለው ሲያዩ፣ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ እሳቸውን በእርሳስ መንደፍ ጀመርኩ። ለመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ይሆናል ብዬ ነው። የጨለመችው ዓይናቸው እንዳትታይ፣ ክብራቸውን ለመጠበቅ፣ ወደ ቀኛቸው ዞሬ ተቀመጥኩና በጎን ሳልኳቸው። ጥምጥሙ ያምራል፣ አፍንጫው ያምራል፣ ጺሙ ያምራል። በሥራዬ ረክቼ፣ ቅጠሉን ገንጥዬ፣ እጃቸው ላይ አኖርኩ።

በሐጂ መነጽር አዩት። ደግመው አዩት።

"ይሁዳን አሳምረሽዋል" አሉኝ።

ለወራት ስለ አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን ስጽፍ የከረምኩት እኔ ነኝ። ትናንት በሾፌር ፊት፣ ዛሬ ጠዋት በሐጂ ፊት ስለ ዓይን ስለፈልፍ የዋልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌውን ከአንበጣው ጋር ያሰለፍኳቸውም እኔው። አፈርኩ፤ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ወረቀቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፣ አልሰጡኝም።

"ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ። እኔ ያሰብኩት…"

"ያሰብሽውን አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ ነው በዚህ በኩል የዞርሽው።" ቀልዱ ከድምፃቸው ወጥቷል። "ልጅ ሆኜ መምህሬ አንድ ዓይን የሚሳለው ለማን እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ እኔ ራሴ በአንድ ዓይን ቀርቼ የምሞት አልመሰለኝም ነበር። ይሄው ከጨለመችብኝ ወዲህ መስታወት አላይም። ሰውም ከፊት ሲመጣ ዞር እላለሁ። አንዳንዴ ማታ ስጸልይ፣ ምን አጥፍቼ ነው እላለሁ።"

ይርገዱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህን ከዚህ በፊት እንዳልሰማች ከፊቷ አየሁት።

"ምንም አላጠፉም" አልኳቸው።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ንቧንም ንድፉንም አንድ ላይ ያዙ። "እነዚህ ሁለቱ እኔ ጋ ይደሩ። እስቲ ምን እንደማደርጋቸው ልይ። መነጽሩንም ተይልኝ፤ ለይማም ነገ ትወስጅለታለሽ።"

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ኩታበር

ስነሳ መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመልሰዋል። ሥዕሎቹ ተጠቅልለው፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው፣ ጨርቁ በክር ተሰፍቷል። ጣቶቻቸው ላይ ጥቁር ቀለም አለ።

"አዲስ አበባ ሳትደርሺ እንዳትፈቺው። ቀለሙ አልደረቀም።"

"የንቧን ዓይን አጠፉት?"

"የሚገባትን አድርጌላታለሁ።"

ከዚህ በላይ ብጠይቅ ትናንት የሠራሁት ይታወሳቸዋል ብዬ ተውኩ። ይርገዱ መኪና ላይ ስትሸኘኝ፣ "ሌሊቱን አልተኛም፤ ያሬዳዊ ዜማ እያንጎራጎረ ነበር" አለችኝ። "ሲያንጎራጉር ከሰማሁት ቆይቷል።" ለመንገድ ብላ የሰጠችኝ ትኩስ ዳቦ ጭኔ ላይ እስከ ደሴ አልቀዘቀዘም።

ዓርብ፣ 5 ሰዓት፤ ደሴ

ሐጂ ይማም ለጁምዓ ነጭ በነጭ ለብሰው ሱቃቸውን እየዘጉ ደረስኩ። መነጽሩን ተቀበሉ፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። መስታወቱ ጫፍ ላይ የጥቁር ቀለም ጠብታ ደርቋል። በጥፍራቸው ሊያነሱት ጀመሩና ተዉት።

"ሣለ ማለት ነው" አሉ።

"ምን እንደሣሉ አላውቅም። ሰፍተውብኛል።"

"ሣለ፣ ይበቃናል።" መነጽሩን በመሀረቡ ከነቀለሙ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ መስጊድ ሲራመዱ ዞር ብለው፣ "ሸረሪቷን ግን አስቢባት!" አሉኝ።

ዓርብ፣ 8 ሰዓት፤ ኮምቦልቻ

በአውቶቡስ ብመለስ ለማታ አልደርስም። ስለዚህ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ገባሁ። ፍተሻው ላይ የቆመችው ወጣት ሴት በጨርቅ የተሰፋውን ጥቅል አገላብጣ አየችው፣ ነካካችው።

"ይሄ መፈታት አለበት።"

"ቀለሙ አልደረቀም።"

"ቀለሙም ይፈተሻል።"

አዲስ አበባ ሳልደርስ አልፈታም ያልኩት ኮምቦልቻ ላይ ቀረ። ክሩን በጥንቃቄ ነቅላ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ንቧ ከላይ ናት። ሁለቱ ዓይኖች በአንዱ ጉንጭ ላይ እንደነበሩ ናቸው፤ እንዲያውም ዙሪያቸው በአዲስ ጥቁር ደምቋል። አናቷ ላይ ደግሞ በቢጫ ቀለም ሦስት ነጠብጣብ ተደርድሯል፣ እጅግ ትንንሽ፣ እጅግ እኩል። በአንድ ዓይን፣ በኩራዝ፣ እንዴት አድርገው እንዳስተካከሏቸው አላውቅም።

ፈታሿ በጣቷ ቆጠረች። "ይቺ ንብ አምስት ዓይን ነው እንዴ ያላት?"

ስልኬ የጮኸው በዚያው ቅጽበት ነው። አርታኢው ነው። ፈታሿ "አንሺው" አለችኝ፣ መልሱን እሷም የፈለገች ይመስል።

"ተስተካከለች?" አለኝ።

"ተስተካክላለች። አምስት ሆኗል።"

ከሳይንስ ጋር ሲሟገት ይሰማኛል። "ቦታቸውስ?"

"ሁለቱ ጉንጯ ላይ፣ ሦስቱ አናቷ ላይ። አንዷን ብትነካ መጽሐፉ ላይ ስሜ እንዳይወጣ።" ይህን እንደምል ራሴም አላወቅሁም ነበር፤ ካልኩት በኋላ ግን እውነት መሆኑ ገባኝ።

ትንፋሹን ለቀቀው። "ቁጥሩስ ልክ ነው" አለ። "ትግባ። ግን ከሥሯ እንዲህ የተሳለችበትን ምክንያት ትጽፊያለሽ።"

ስልኩን ስዘጋ ፈታሿ ሁለተኛውን አንስታ ይዛለች። የእኔ የደብተር ቅጠል ነው፣ አቡጀዲ ላይ ተለጥፏል። የእርሳስ መስመሮቼን አንዱንም አልነኩትም። ጥምጥሙ፣ አፍንጫው፣ ጺሙ እንደነበረ ነው። ባዶ በነበረው ጉንጭ ላይ ብቻ፣ ከእኔ አንድ ዓይን አጠገብ፣ አንድ ሌላ ዓይን ተስሏል። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ዙሪያው ነጭ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ።

ዓይኖቼ እንባ ሞሉ፤ የኮምቦልቻን አቧራ አመካኘሁ።

"አባትሽ ናቸው?" አለችኝ ልጅቷ።

"አይደሉም። አንድ ሰዓሊ ናቸው።"

ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ይዛ ተመለከተችው። "ደግ ሰው ናቸው" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

"ያው፣ ሁለት ዓይን አላቸዋ" አለችኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ከወዴት መጣ በሚል አስተያየት። ከዚያም ጨርቁን መልሳ አለባብሳ፣ ክሩን በነበረበት ቀዳዳ እያስገባች፣ ቀስ ብላ ሰፋችልኝ።